የበርበሬ መጋዘኑ መጋረጃ

ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በብዛት በምንማርበት አዳራሽ ውስጥ፣ መምህራችን አንድ አጭር ፊልም ሊያሳዩን ፈልገው ወደ ኋላ እየተመለከቱ «መብራት!» ብለው ተጣሩ። ከማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ተነሥቶ አንዱን ተጫነ። የፊተኛው መብራት መጥፋት ሲገባው የኋላው ጠፋ። ሌላውን ሲጫን የጣሪያው ማራገቢያ መዞር ጀመረ። ሦስተኛውን ሲሞክር ጭራሽ ፕሮጀክተሩ ራሱ ድርግም አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ መምህሩም አብረውን ሳቁ። እኔ ግን መሳቄን ትቼ አፍንጫዬን ያዝኩ። በርበሬ የሸተተኝ መስሎኝ ነበር።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ በርበሬ የለም። ሽታው የመጣው ከቡታጅራ ነው፤ አሥራ አንደኛ ክፍልን ልጀምር ስል ከነበረ አንድ የመስቀል ሰሞን። ገና ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ «በልጅነቴ እንዲህ ሆኖ ነበር» ብላ ስትጽፍ አንባቢ ፈገግ ሊል እንደሚችል አውቃለሁ። ይሁንና ሰው የሚያረጀው በዓመት ብቻ አይመስለኝም። ከዚያ መስቀል በፊት የነበረችው ሂክማና ከዚያ በኋላ ያለችው ሂክማ አንድ ሰው አይደሉም፤ የመጀመሪያዋን ሳስባት እንደ ታናሽ እህቴ ነው የምታሳዝነኝ።

አባቴ ሸምሱ ይባላል። ከገበያው ጀርባ ባለች መንገድ ላይ ሲኒማ ቤት አለው። ቤቱ የሀጂ ከድር ነው። ሀጂ ከድር የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ሲሆኑ፣ አባዬ ከመከራየቱ በፊት ያ ቤት የበርበሬ መጋዘናቸው ነበር። አባዬ ወለሉን ደጋግሞ አጠበ፤ ግድግዳውን በኖራ ቀባ፤ አግዳሚ ወንበሮች አሠርቶ ደረደረ። በርበሬው ግን ለቅቆ አልሄደም። በጣሪያው ማገርና በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። በተለይ ከባዱ ቀይ መጋረጃ ሲከፈት አቧራውን ስለሚያስነሣው የፊት ረድፍ ሁልጊዜ ያስነጥሳል። የከተማው ሰው ለምዶት «የፊት ረድፍ ሳያስነጥስ ፊልም አይጀመርም» ይል ነበር።

ይህ መጋረጃ የአባዬ ኩራት ነው። በየመንደሩ ቪዲዮ ቤት አለ፤ ዛሬ ደግሞ ሁሉም ሰው ፊልሙን በስልኩ ይዞ ይዞራል። ታዲያ ሰው ለምን ሸምሱ ዘንድ ይመጣል? አባዬ መልስ ነበረው። «ቪዲዮ ቤት ቁልፍ ተጭነሽ ትጀምሪያለሽ። ሲኒማ ግን ይከፈታል» ይለኛል። መጀመሪያ ለስለስ ያለ ዘፈን ይሰማል። ከዚያ መብራቶቹ ከኋላ ወደ ፊት ረድፍ በረድፍ ይጠፋሉ። ከዚያ መጋረጃው በዝግታ ለሁለት ይከፈላል፤ ልክ ሲከፈት የመጀመሪያው ምስል ሸራው ላይ ያርፋል። በመሃል ለሰላት ለሚወጡትና ሻይ ለሚሹት ዕረፍት አለ፤ ያኔም መጋረጃው ይዘጋና መብራቶቹ ይመለሳሉ። ሁሉም በጊዜው መሆን አለበት። አንዱ ከቀደመ ወይም ከዘገየ፣ በአባዬ አነጋገር፣ «ሰውየው መጋዘን ውስጥ መቀመጡ ትዝ ይለዋል።»

ችግሩ ማብሪያዎቹ በሩ አጠገብ፣ የመጋረጃው ገመድ መድረኩ ጥግ፣ ፕሮጀክተሩና ላፕቶፑ ደግሞ ከኋላ በእንጨት ከተሠራ ቆጥ ላይ መሆናቸው ነው። ድሮ ሁለት ረዳቶች ነበሩት። አንዱ ለንግድ አዲስ አበባ ሄደ። ሌላው፣ ሚፍታ የሚባለው፣ ባጃጅ ገዝቶ ነጂ ሆነ። አባዬ ብቻውን ቀረ። ከቆጡ በመሰላል ይወርዳል፤ ወደ በሩ ይሮጣል፤ መብራቱን ያጠፋል፤ በጨለማ ወደ መድረኩ ይሮጣል፤ ገመዱን ይስባል፤ ተመልሶ ወደ ቆጡ ይሮጣል። እሱ እስኪደርስ ተዋናዮቹ ግማሹን ተናግረው ጨርሰዋል።

ተመልካቹ መጀመሪያ ዝም አለ። ቀስ በቀስ ማጨብጨብ ጀመረ። በኋላማ ዋናው ትዕይንት ይኸው ሆኖ አረፈው። ሚፍታ ራሱ፣ የቀድሞው ረዳት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባጃጁን ደጅ አቁሞ እየገባ «ሸምሱ! ሪከርድ ልትሰብር ነው፣ በርታ!» ብሎ ይጮሃል። ሰው በሳቅ ይፈርሳል። አባዬም አብሮ ይስቃል፤ ቆጡ ላይ ሲደርስ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር። ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ላፕቶፑ አጠገብ የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ።

በነሐሴ፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን፣ የመሰላሉ ደረጃ በሰው ጫማ ጭቃ ተለውሶ ነበር። አባዬ አዳልጦት ወደቀ። ወጌሻው ቁርጭምጭሚቱን አሽቶ አሰረውና «እስከ ጥቅምት ድረስ መሬት እንዳትረግጥ» አለው። እስከዚያ እኔ ሞከርኩ። ሮጥኩ። ተመልካቹም «የሸምሱ ተተኪ!» እያለ አጨበጨበልኝ። ገመዱን በተሳሳተ በኩል ስቤ መጋረጃው እንደተዘጋ ፊልሙ የተጀመረበትም ቀን ነበር።

ሀጂ ከድር አባዬን ሊጠይቁ ቤት የመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ብርቱካን ይዘው መጡ። ተሳለምን፤ እማዬ ሻይ አቀረበች። ስለ እግሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማረቆ በርበሬ አወሩ። ሻዩ ሲጋመስ ሀጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሸምሱ፣ አላህ ያሽርህ። አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ አትቀየመኝ። ከመስቀል በኋላ አዲሱ በርበሬ ከማረቆ፣ ከቆሼ መግባት ይጀምራል። እኔ ደግሞ ማስቀመጫ ጠቦኛል።»

«ሲኒማ ቤቱስ፣ ሀጂ?»

«የቱ ሲኒማ? ሰው ከዚያ ቤት ሲወጣ የሚያወራው ስለ ፊልሙ አይደለም፤ ስለ ሩጫህ ነው። እኔ ስንት ዘመን በርበሬ ሳስቀምጥበት ሰው ስቆብኝ አያውቅም። ወላሂ፣ ለአንተ ብዬ ነው የማፍረው።»

አባዬ የታሰረ እግሩን በእጁ ደግፎ ወደ ሀጂ ዞረ። «በመስቀል ሰሞን ልጆችዎ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ አይደል?» አለ። «ልጆቹንም የልጅ ልጆቹንም ይዘው ይምጡ። ያን ቀንም ሰው በእኔ ከሳቀ ቁልፉን በእጄ አስረክብዎታለሁ።»

«ኢንሻአላህ እመጣለሁ» አሉ ሀጂ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ እማዬ «በአንድ እግርህ ልትሮጥላቸው ነው?» አለችው። እኔ የብርቱካኑን ልጣጭ እየሰበሰብኩ ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ «እኔ አለሁ» አልኩ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጣሁና ምን ማለቴ እንደሆነ ማሰብ ጀመርኩ።

ቤቲ የክፍል ጓደኛዬ ናት። ወንድሟ የቴሌቪዥንና የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ አለው፤ ቤቲም ካውያ ይዛ ሽቦ ስትበይድ ነው ያደገችው። እሑድ እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው የድምፅ ማስተካከያው ላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ነገሩን ስነግራት ከተከፈተ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ ቀና ሳትል «ታዲያ ሩጫውን ማሽን አይሮጠውም?» አለችኝ።

«የምን ማሽን?»

«እሱን እንሠራዋለና። አንቺ ደግሞ!»

ሠራነው። ከጋራዥ የመኪና መስኮት የምታወጣና የምታወርድ አሮጌ ሞተር አገኘን፤ ገመዱን ጠምጥመንባት መጋረጃውን ስትጎትት ቤቲ በደስታ ጮኸች። ለመብራቶቹ በየረድፋቸው፣ በሰው ጣት ፋንታ በኤሌክትሪክ የሚበራና የሚጠፋ ትንሽ ማብሪያ አደረግንላቸው። ሁሉንም የምታዝ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ሰሌዳ ከወንድሟ ዕቃ መሃል ተገኘች። እኔ ደግሞ ትእዛዙን ከመጽሐፍና ከስልኬ እያነበብኩ ጻፍኩላት። ፊልሙ ከተጀመረ ከዚህን ያህል ደቂቃ በኋላ ዕረፍት፤ ከዚህን ያህል በኋላ ማብቂያ። ጥንቁቅ ልጅ ስለነበርኩ፣ መብራት ቢሄድ ሰዓቷ እንዳትቆም ብዬ ባትሪም ጨመርኩላት። በዚያች ባትሪ የተሰማኝን ኩራት መቼም አልረሳውም። አስተማሪዎቼ ቢያዩኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

ጳጉሜን ላይ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሞከርናት። አባዬ በምርኩዝ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። መብራቶቹ ረድፍ በረድፍ ጠፉ፤ መጋረጃው ተከፈተ፤ የፊት ረድፍ አስነጠሰ። ሰው ግራ ተጋብቶ ሯጩን በጨለማ ሲፈልግ ታየኝ። አባዬ ወደ ቆጡ ቀና ብሎ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

ከዚያ የከተማው መብራት ሄደ።

ይሄ ብርቅ አይደለም። መብራት ሲሄድ ሰው ይጠብቃል፤ አንዱ ቀልድ ያወራል፤ ደጅ ጄኔሬተሩ ይጎተታል፤ ፊልሙ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔም ላፕቶፑን አቆምኩ፤ ጄኔሬተሩ ሲነሣ አስቀጠልኩ። ፊልሙ ቆሞ ጠብቆናል። ሰዓቷ ግን በእኔ ባትሪ ታግዛ መንገዷን ቀጥላ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ላይ ያለችው እናት ከብዙ ዘመን በኋላ የጠፋ ልጇን አግኝታ እጇን ልትዘረጋ ስትል፣ ዕረፍቱ ሊደርስ ገና ሳለ፣ አዳራሹ በብርሃን ተጥለቀለቀና መጋረጃው እፊቷ ላይ መዘጋት ጀመረ። የእናትየዋ ግማሽ ፊት ቀዩ ጨርቅ ላይ፣ ግማሹ ሸራው ላይ ቀረ።

ሳቁ ከሁልጊዜው የባሰ ነበር። «ኧረ ሸምሱ ይሩጥልን!» አለ ሚፍታ እንባውን እየጠረገ። «ሸምሱ ቢያንስ ጄኔሬተር ይጠብቃል!»

አባዬ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው ወጥቶ ካለቀ በኋላ አግዳሚዎቹን በምርኩዙ እያስተካከለ «ቆንጆ ነው የሠራችሁት። የከፋው አገሩ ነው» አለን። መጽናኛ መሆኑ ነው።

ከቤቲ ጋር ወደ ቤት ሄድን። ዝናቡ ሊወጣ ሲል የቡታጅራ መንገድ ግማሹ ጭቃ ግማሹ ደረቅ ይሆናል፤ አንዱን እየዘለሉ ሌላውን እየረገጡ ነው የሚሄዱት። መንገድ ዳር የበቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ነበሩ። አንድ ገዝተን ለሁለት ሰበርነው። ትኩሱን እሸት እየፈለፈልኩ ስለ ሰዓቷ አጉረመረምኩ። የተሻለ ሰዓት ብንፈልግስ? መብራት ሲሄድ አብራ የምትቆም ብትሆንስ? ግን ጄኔሬተሩ እስኪነሣ፣ ላፕቶፑን እስካቆም፣ እስካስቀጥል፤ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያለ መዛነፉ አይቀርም።

ቤቲ አፏ በበቆሎ ተሞልቶ «እኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራኑ የሚነሡት በሰዓት አይደለም» አለችኝ።

«በምንድን ነው?»

«ሰባኪው መጽሐፉን ሲያጥፍ። አንዳንድ ቀን ቶሎ ይጨርሳል፤ አንዳንድ ቀን… ተዪው፤ ሰው ምሳው ያርበታል። መዘምራኑ ግን ዓይናቸው መጽሐፉ ላይ ነው። ሲያጥፈው ይነሣሉ። ተሳስተው አያውቁም።»

ጭቃው መሃል ቆምኩ። ጫማዬ ተነክሮ ቀረ።

«ቤቲ! ፊልሙ ራሱ መጽሐፉን ቢያጥፍስ?»

ሐሳቡ ከተገኘ በኋላ ቀላል ይመስላል። ፊልሙ ውስጥ፣ ከምስሉ ታችኛው የግራ ጥግ፣ ለጥቂት ሰከንድ የምትታይ ነጭ ነጥብ በላፕቶፑ እናስገባለን። ያ ጥግ መጋረጃው ከማይደርስበት የግድግዳ ክፍል ላይ እንዲያርፍ ፕሮጀክተሩን እናስተካክላለን። እዚያው ላይ ብርሃን ስታይ ሰሌዳዋን የምትቀሰቅስ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዓይን እንተክላለን። ነጥቧ ስትመጣ ዓይኗ ታያለች፤ የሚቀጥለው ሥራ ይሠራል። ፊልሙ ከቆመ ነጥቧም አትመጣም፤ ዓይኗም ትጠብቃለች። ሰው በሩን ሲከፍት የሚገባው የፀሐይ ብርሃን እንዳያታልላት ዓይኗን ካለቀ የማርከር ቀፎ ውስጥ አስገብተን ቀፎውን ፊት ለፊት ወደ ፕሮጀክተሩ ብቻ አዞርነው። ተመልካቹ ነጥቧን እንዳያያት ቤቲ ዙሪያውን ከጥቁር ካርቶን አጥር ሠራችለት።

ያችን ባትሪዬን ልጥላት ነበር። ቤቲ ከለከለችኝ። «ስንተኛው ነጥብ ላይ እንደደረስን መብራት ሲሄድ ማን ያስታውስላት?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ያዋረደችን ባትሪ የማስታወስ ሥራ ተሰጣት።

ነጥቦቹ የት የት ይግቡ የሚለውን ግን እኛ አልወሰንንም። አባዬን ላፕቶፑ ፊት አስቀመጥነው፤ እግሩን ትራስ ላይ አድርገን። ፊልሙ ስለ ሁለት ወንድማማቾች ነበር፤ አንደኛው አገር ለቅቆ ጠፍቶ በመጨረሻ የሚመለስበት። እኔ ዕረፍቱን ልክ መሃሉ ላይ ላደርገው ስል አባዬ እጄን ያዘው።

«እዚህ ያለቅሳሉ፤ ያለቀሰ ሰው ሻይ አይጠጣም። ትንሽ አሳልፊው። እዚያ ጋ፣ አጎትየው ከአህያዋ ላይ ሲወድቅ። ስቆ የወጣ ሰው ስቆ ይመለሳል።»

«መብራቱስ፣ ጋሼ?» አለች ቤቲ። «በአንዴ ይጥፋ?»

«ኧረ በአንዴ አይጥፋ! ሰው እንቅልፍ ሲመጣበት ዓይኑን ቀስ እያለ አይደል የሚከድን? እንደሱ። ግን በጣም አታርዝሙት። ክትፎ በልቶ የመጣ ሰው ጨለማ ከረዘመበት ያንኮራፋል።»

የመስቀል ማግስት ቡታጅራ ሌላ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የገቡ መኪኖች መንገዱን ሞልተውት፣ በቡኢ በኩል ሌሎች እየመጡ፣ የቅቤና የቆጮ ሽታ ከየግቢው እየወጣ፣ መስኩ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሰው ጠግቦ፣ ለብሶ፣ ዘመዱን አግኝቶ፣ ከሰዓት በኋላ የት እንሂድ ይላል። ሲኒማ ቤታችን ሞላ። አግዳሚ ያልበቃቸው ወጣቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሀጂ ከድር ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው ገቡና የፊት ረድፍን ያዙ።

አባዬ ምርኩዙን ይዞ በሩ አጠገብ ሊቆም ሲል ሀጂ ዞረው ጠሩት። «ሸምሱ! በዚያ እግርህ አትቁም፤ ና፣ እዚህ ከእኔ ጋር ተቀመጥ።»

እሱ በዚያ ቤት ውስጥ ተመልካች ሆኖ ተቀምጦ አያውቅም። ሁሉንም ፊልም ያየው በሩጫ መሃል፣ ቁርጥራጩን ነው። ከቆጡ ላይ ሆኜ ነጭ ኮፊያው በሀጂ ጥምጥም አጠገብ ዝቅ ሲል ሳየው ነጥቦቹን አንዴ ደግሜ ፈተሽኩ። ሚፍታም ኋላ ነበር፤ ዝግጁ ሆኖ።

ላፕቶፑን ተጫንኩ። ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ እጄን ሰብስቦ መቀመጥ ነበር፤ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የከበደኝም እሱ ነው።

ዘፈኑ ተሰማ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል የመጀመሪያዋ ነጥብ መጣች። የኋላ ረድፍ መብራት ጠፋ፤ ቀጥሎ የመሃሉ፤ ቀጥሎ የፊቱ። ጫጫታው ከመብራቱ ጋር እኩል እየከሰመ ሄደ። ሞተሯ ማጉረምረም ጀመረች፤ ቀዩ መጋረጃ ለሁለት ተከፈለ፤ ልክ ጫፍ ሲደርስ የንጋት ተራራ ሸራው ላይ ወጣ። አንድም ሰው አልሮጠም። የፊት ረድፍ አስነጠሰ፤ ሀጂ፣ አባዬ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ተራ በተራ። አዳራሹ ሳቀ። ግን ሳቁ ሌላ ሳቅ ነበር፤ የመስቀል ሳቅ፣ ቤተሰብ አንድ ላይ ሲሆን የሚስቀው።

ወንድማማቾቹ ተጣሉ፤ ታላቁ ቤት ለቅቆ ሄደ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ያኔ የከተማው መብራት ሄደ።

በጨለማው ውስጥ የነጭ ኮፊያው ጥላ ሲነሣ አየሁ። አባዬ ነው። እግሩ ታስሮ እንኳ ሰውነቱ ለሩጫ ተነሣ። «አባዬ፣ ተቀመጥ!» አልኩ ከቆጡ ላይ፣ ድምፄ ሳላስበው ጮክ ብሎ። ሁሉም ሰማ። ሀጂም ክንዱን ይዘው አስቀመጡት።

«ሸምሱ የታል?» አለ ሚፍታ ከኋላ፣ ሳቁን ሊጀምር። «ዛሬ አይሮጥም እንዴ?»

አባዬ ሳይዞር፣ በጨለማው ውስጥ፣ «ዛሬ ፊልም እያየሁ ነው። አትረብሸኝ!» አለው።

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። በዚያ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ተጨብጭቧል! ይህኛው ግን ለእሱ እንጂ በእሱ አልነበረም።

የቤቲ ወንድም ጄኔሬተሩን አስነሣ። ፊልሙን አስቀጠልኩ። አሁን ሁሉም ነገር በዚያች ነጥብ ላይ ወደቀ። ሰዓት አላየሁም፤ ቤቲ ግን ከታች ሆና የማርከሩን ቀፎ እንደ መዘምራኑ ዓይኗን ሳትነቅል ስታየው ነበር። አጎትየው አህያዋ ላይ ወጣ። ተንገዳገደ። ወደቀ። ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሲስቅ፣ በሳቁ መሃል፣ መብራቶቹ ከፊት ወደ ኋላ ረድፍ በረድፍ በሩ፤ መጋረጃውም ቀስ ብሎ ተዘጋ። ሰው እየሳቀ ተነሣ፤ እየሳቀም ተመለሰ። ሁለተኛው ክፍል ሲከፈትና ሲያልቅም ነጥቦቹ አልዘገዩም፣ አልቀደሙም። ጠፍቶ የነበረው ወንድም ተመልሶ በሩን ሲያንኳኳ መጋረጃው እፊቱ ላይ አልተዘጋም። በሩ እስኪከፈትለት ጠበቀው።

ሰው እየወጣ ሳለ ሀጂ ከድር ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ልጆቻቸው ደጅ ይጠብቋቸዋል፤ እሳቸው ግን የተዘጋውን መጋረጃ እያዩ ተቀምጠዋል። አባዬም አጠገባቸው ነው። ከቆጡ ወርጄ መጣሁ፤ ቤቲም ከኋላዬ። አኩርፈው እንደሆነ ፈራሁ።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አሉኝ።

«እኔና ቤቲ ነን፣ ሀጂ።»

«እስቲ አንዴ ድገሙልኝ።»

«ፊልሙን?»

«ፊልሙን ምን ያደርግልኛል? አየሁት። መጋረጃውን ነው የምልሽ።»

ወደ ቆጡ ተመልሼ መጀመሪያውን ከፈትኩላቸው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ለሁለት ሰው ብቻ መብራቱ ረድፍ በረድፍ ጠፋ፤ መጋረጃው ተከፈተ፤ ተራራው ነጋ። ሀጂ ከድር አስነጠሱና በመሐረባቸው አፍንጫቸውን እየጠረጉ ተነሡ።

«ይሄ በርበሬ የእኔ ነው፤ አውቀዋለሁ» አሉ። «እሱ እዚህ ይቀመጥ። አዲሱን ሌላ ቦታ እፈልግለታለሁ። ግን ሸምሱ፣ ያቺ ሞተር ታጉረመርማለች፤ ዘይት ቀባት።»

አባዬ «እሺ፣ ሀጂ» ብቻ ነው ያለው። በሩ ላይ ሚፍታ ባጃጁን አስነሥቶ ይጠብቀው ነበር። «ግባ፣ ላድርስህ» አለው። «የዛሬው በነፃ ነው፤ ሯጭ ጡረታ ሲወጣ ይሸኛል።»

ወልቂጤ በገባሁ በመጀመሪያው ወር፣ ለምን የምህንድስና ትምህርት እንደመረጥን በጽሑፍ እንድንገልጽ ታዘን ነበር። ስለ ቴክኖሎጂና ስለ አገር ዕድገት አሳምሬ ጻፍኩ፤ ጥሩ ነጥብም አገኘሁ። እውነቱን ግን አልጻፍኩም ነበር፤ እውነቱ ከላይ ያለው ነው። እዚህ ሁሉም ነገር በሰዓት ነው፤ ክፍሉ፣ ምግቡ፣ ፈተናው። እኔም እንዳይመሽብኝ እየፈራሁ እሮጣለሁ። አንዳንዴ ግን ቆም ብዬ ያችን ዓይን አስባታለሁ። ከማርከር ቀፎ ውስጥ ሆና፣ መብራት ሄደ ብላ ሳትደነግጥ፣ የምትጠብቀው ነገር እስኪመጣ የምትጠብቀውን።

የመምህራችን ፊልም በመጨረሻ ታየ። ከትምህርቱ በኋላ ሄጄ የአዳራሹን መብራት ከፊልሙ ጋር ማገናኘት እንደሚቻል፣ ከፈለጉም ልሠራው እንደምችል ነገርኳቸው። «ምን ያስፈልግሻል?» አሉኝ። «ጥቂት ሽቦና ያለቀ ማርከር» አልኳቸው። ማርከር በየክፍሉ ሞልቷል አሉና ሳቁ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባዬ ይደውልልኛል። እግሩ ከዳነ ቆይቷል፤ መቀመጫው ግን አሁንም የፊት ረድፍ ነው። አያወራኝም፤ ስልኩን ብቻ ከፍቶ ጭኑ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔም ዶርም ውስጥ አልጋዬ ላይ ሆኜ አዳምጣለሁ። መጀመሪያ ጫጫታው አለ። ከዚያ ጫጫታው ቀስ እያለ ይከስማል፤ መብራቱ እየጠፋ ነው። ከዚያ፣ ዘይት ተቀብታም እንኳ፣ ሞተሯ ታጉረመርማለች። ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።

ከዚያ አንድ ሰው ያስነጥሳል።